የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ

«ሊንኩን ነካሁት፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ በቃ» አለች የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ። ዓይኗ አብጧል። በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ለጓደኛዋ ብቻ የጻፈችው የቤቷ ገመና ጠዋት ለክፍሉ ሁሉ ተበትኖ ነበር።

የኮምፒውተር መምህሩ ስልኳን ተቀብለው መልእክቱን ድረ ገጹን ለምትንከባከበው ተማሪ ለፌንጣ አሳዩዋት። ፌንጣ ማንበብ አላስፈለጋትም። ሊንኩ በምን ስም እንደሚጀምር ታውቃለች። በሎጋው ነው።

ሎጋው ታላቅ ወንድሟ ነው። ድረ ገጹን የሠራው እሱ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያስቀመጠውም በራሱ ቅጽል ስም ባወጣው አድራሻ ላይ ነበር። ኋላ ትምህርት ቤቱ የራሱን አድራሻ ቢያወጣም፣ የይለፍ ቃላቸውን ለረሱ በኢሜይል የሚላኩት መቀየሪያ ሊንኮች ግን መነሻቸውን የሚወስዱት ሎጋው ከጻፋት አንዲት የኮድ መስመር ነው። አምና ሎጋው ታሞ ሞተ። ድረ ገጹን ፌንጣ ተረከበች፤ መስመሯን ግን አልነካቻትም።

አንዳንድ ቀን ከትምህርት በኋላ፣ ምንም ሳትረሳ፣ «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» የሚለውን ትጫናለች። ወዲያው መልእክት ይመጣል፤ ስሙ ሊንኩ ላይ ቁጭ ብሎ። ደጁን አንኳኩታ «አቤት» ያላት ይመስላት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት መምህሩ መክረዋት ነበር። የሎጋው አድራሻ የተከፈለበት ጊዜ ሊያበቃ ነው፣ ሌላ ሰው ከወሰደው ጣጣ ነው፣ ሊንኩ ሁሉ በትምህርት ቤቱ አድራሻና መሃል ላይ ሰው በማያነበው፣ በተመሰጠረው መንገድ ይጀምር አሏት። ቀየርኩት አለቻቸው። አልቀየረችም። ይኸው አንድ የማይታወቅ ሰው አድራሻውን ወስዶ፣ የትምህርት ቤቱን የሚመስል ገጽ ዘርግቶ ልጆች ያጠምዳል።

«አንቺማ ቀይረሽው ነበር» አሉ መምህሩ ግንባራቸውን እያሹ። «የሆነ ሰው ሰብሮ ገብቶ መልሶታል ማለት ነው።»

ፌንጣ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

«ሎጋው የሚባለው ሌባ ግን ማነው?» አለች የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ። «ክፍል ውስጥ ሁሉም ስሙን ይዞ ይረግመዋል።»

ፌንጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና መስመሯን ከፈተች። ስሙን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋች። በቦታው የትምህርት ቤቱን ሙሉ አድራሻ ጽፋ፣ ሁለት ጊዜ አንብባ አስቀመጠችው።

«ቲቸር» አለች ሳትዞር፣ «ማንም ሰብሮ አልገባም። ያኔ ዋሽቼዎት ነው።»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፌንጣ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ሎጋው ወንድሜ ነበር» አለቻት። «ነበር» ስትል የመጀመሪያዋ ነው። «ይህን ያደረገው እሱ አይደለም። በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።»

በሦስቱ ሳምንታት ያ ሊንክ የተላከላቸው አርባ አንድ ልጆች ናቸው። ስማቸውን አወጣችና፣ የሆነውን ሁሉ በራሷ ስም ትጽፍላቸው ጀመር።