አበልጅ ከሆኑ በኋላ

ሳን ፔድሮ ሊሄዱ ነው ሲባል የሰማ ሁሉ፣ እዚያው ሎስ አንጀለስ ወደቡ ጋ ያለው ሳን ፔድሮ መስሎት «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ሻንጣ?» እያለ ስቆባቸዋል። የሐበሻ ሰፈሩ የፌርፋክስ ብስክሌተኞች የሄዱት ግን ቺሊ ነው፤ አታካማ በረሃ መሃል ሳን ፔድሮ ወደምትባል የጭቃ ቤቶች ከተማ፣ ማውንቴን ባይክ ሊነዱ።

ሣህሊቱ ከቡድኑ ጋር የሄደችው በረሃ ናፍቋት አይደለም። ፍሬው ስለሚሄድ ነው፤ ሌላ ምክንያት የላትም። ጋርዴና ከተማ አረጋውያን ስትንከባከብ የምትውል ሴት በስንት ልመና ያገኘችውን ዕረፍት አሸዋ ላይ ለምን ታባክናለች?

የወደደችው ፌርፋክስ ላይ የወለቀ የብስክሌት ሰንሰለቷን ያስገባላት ቀን ነው። እሱ ግን ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሣ ሰው ነበር። ከወራት በኋላ አንድ እሁድ አጠገቧ መጥቶ፣ «ልጄን ሲናን ክርስትና ታነሺልኛለሽ?» አላት። የልጅቷ እናት ጥላቸው ስለሄደች ጥምቀቷ ዘግይቶ ነበር። ሣህሊቱ ቢያንስ ዘመዱ እሆናለሁ ብላ እሺ አለች። ልጅቷን አቅፋ ቆመች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጅ ተባባሉ።

በረሃው ላይ አስጎብኚው ቡድኑን እየመራ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀሩ። ፍሬው ብስክሌቱን ቀይ ድንጋይ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሣህሊቱ ፈርታ ተጠጋችው።

«አበልጅ፣ አመመህ እንዴ?»

«እንደሱ አትበይኝ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ?»

«ፍሬው በይኝ።» ቀና ብሎ አያት። «እወድሻለሁ፣ ሣህሊቱ። ክርስትና አንሺልኝ ያልኩሽም ለዚያ ነው። ቀጥታ መጠየቅ ፈራሁ። ሶ፣ ቤተሰብ ከሆንን አትርቀኝም፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ፕላን አደረግኩ።»

ሣህሊቱ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች። ስትመኘው የኖረችውን ቃል የሰማችው በገዛ እጃቸው በሩን ከዘጉት በኋላ ነው።

«አበልጅ እኮ አይጋባም!»

«ለምን አይጋባም?»

«አታውቅም ነበር?»

«አሜሪካ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። ማን ነገረኝ?»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች። «በዚህ ዓይን ታየኛለህ ብዬ ግን መቼ አሰብኩ?»

እጇን ያዘ። አስጎብኚው ከታች እስኪጠራቸው አልተላቀቁም።

ሎስ አንጀለስ እንደተመለሱ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄዱ። ሽማግሌው ካህን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«አንቺ የልጅቷ የክርስትና እናት፣ እሱ አባቷ። በመንፈስ ወንድምሽ ሆኗል፤ እንዴት አድርጌ ላጋባችሁ?»

«አባ፣ እሱ እኮ ሳያውቅ ነው ያደረገው።»

«አንቺስ፣ ልጄ?»

ሣህሊቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ውጭ ፓርክ ያደረገው መኪናው ጋ ሲደርሱ ፍሬው ክንዷን ያዘ። «ሲቲ ሆል ሄደን በሕግ እንጋባ። ማን ይከለክለናል?»

«ማንም።»

ፊቱ በራ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ሲናን አቅፌ ስቆም ስለ እሷ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ያን ክጄ ባገባህ ለእሷ ምኗ እሆናለሁ?»

«ለኔ ሚስቴ ትሆኛለሽ።»

«የጠየቅኩህ የእሷን ነው።»

ፍሬው ክንዷን ለቀቀ። በዚያች ቅጽበት ምነው ባልለቀቀኝ ብላ ተመኘች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢለምናት እሺ ትል ነበር። አልለመናትም።

ቅዳሜ ሲናን ወስዳ ልታዝናናት ሃውቶርን ፍሬው ቤት ሄደች። ፍሬው የልጅቷን ወንበር ከራሱ መኪና አውጥቶ እሷ መኪና ውስጥ አሰረ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ልጁን ሳማትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

«አባዬም ይምጣ!» አለች ሲና።

«ቦታ የለም፣ የኔ እናት» አለች ሣህሊቱ፤ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ሳታይ መኪናዋን አስነሣች።