የአዝማቹ አሥራ ሁለት እራፊዎች

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። በገዛ እጄ ያደረግሁት ነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ቦታው ጆሃንስበርግ፣ ቴምቢሳ። ጊዜው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ሁላችንንም ቤት የዘጋብን ሰሞን።

ለገሠ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከረድኤት ጋር እዚህ «ስፓዛ» የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረን። ዳቦውንም ወተቱንም በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ እናቀብላለን። ሰው እንዳይጠጋጋ ሱቁ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም አሥራ ሁለት ክብ አስምረናል። ደንበኛ ክቡ ላይ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

የጓሮዋን ክፍል የተከራዩት ጋሽ አብዱልሀፊዝ ነበሩ። ሱዳናዊ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። መተማ ብዙ ዓመት ስለሠሩ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው።

እኔ ጎንደሬ ነኝ። ልጅ ሆኜ ስረብሽ «ድርቡሽ መጣልህ!» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። የጋሽ አብዱልሀፊዝ ቅድመ አያት ደግሞ የድርቡሽ አዝማች ነበሩ። ቱርክንና እንግሊዝን የተዋጉ፣ ፈረሰኛ የመሩ። ይህን ከነገሩኝ ወዲህ «ድርቡሹ፣ ሻይ ልቅዳልዎት?» እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ይስቁ ነበር...

አንድ ቀን ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ መጣ። አፋቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎ ሲወጡ አልጋቸው ሥር ወዳለው የብረት ሳጥን ደጋግመው ጠቆሙኝ።

ምን ማለታቸው ነው? እኔ የገባኝ «ያስፈለገህን ውሰድ» የሚል ነው። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ማስክ ግዴታ ሆኗል። ፖሊስ መጥቶ «ማስክ ለሌለው ሰው ዳቦ ስትሸጥ ባገኝህ እዘጋሃለሁ» ብሎኛል። ጨርቅ መሸጫው ሁሉ ተዘግቷል።

ሳጥኑን ከፈትኩ።

ውስጡ አንድ ድሪቶ ብቻ ነበር። አሮጌ፣ ነጭ የነበረ ረጅም እጀ ጠባብ። ላዩ ላይ አራት ማዕዘን እራፊዎች ተጥፈውበታል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ። ቆጠርኳቸው። አሥራ ሁለት።

ልክ የማስክ መጠን ናቸው። መቁረጥ እንኳ አያስፈልጋቸውም።

ረድኤት በሩ ላይ ቆማ «ተው ለጌ፣ የሰው ዕቃ ነው» አለችኝ።

«ድሪቶ እኮ ነው! ሲመለሱ አዲስ ልብስ እገዛላቸዋለሁ።»

ክሩን እየተረተርኩ እራፊዎቹን አነሳኋቸው። ከሥራቸው አቧራ ወጣ... የፈረስ ላብ የሚሸት አቧራ። ረድኤት በውስጥ በኩል የትራስ ልብስ እየደረበች ላስቲክ ሰፋችባቸው።

አሥራ አንዱን ለደንበኞች በነፃ አደልኩ። አሥራ ሁለተኛውን፣ ቀዩን፣ እኔው ራሴ ረድኤት ጆሮ ላይ አንጠለጠልኩላት። አልፈልግም ብላኝ ነበር። «ለእኔ ስትዪ» ብዬ ለመንኳት። እግዜር ይቅር ይበለኝ!

በማግስቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሰዎች መጥተው ክቦቹ ላይ ቆሙ።

«ሳውቦና!» አልኳቸው በዙሉ ሰላምታ፤ «ምን ልስጥ?»



ፊታቸው ወደ ሱቁ አልነበረም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሰሜን ያያሉ። ቀኝ እጃቸው ጦር እንደያዘ ሰው ተጨብጧል። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሰባት ሆኑ። ጎረቤታችን አሮጊቷም አሉበት፤ ያለ ምርኩዝ መቆም የማይችሉት እትዬ፣ ያለ ምርኩዝ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሁሉም እኔ ያደልኩትን ማስክ አድርገዋል።

በአምስተኛው ቀን አሥራ አንድ። አንድም ሰው አያስልም። ማስኮቹም አይንቀሳቀሱም... ሰው ሲተነፍስ ጨርቁ ገባ ወጣ ይል የለም? የእነሱ አይልም።

ባዶ የቀረው የፊተኛው ክብ ብቻ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አብዱልሀፊዝ ናቸው። ድምፃቸው የሚሰማው በጭንቅ ነው።

«ልጄ... ሳጥኑን... እንዳትነካ ልልህ ነበር።»

ያደረግሁትን ነገርኳቸው።

«የቅድመ አያቴ፣ የአዝማቹ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ወታደር ሲሞትበት ከሟቹ ልብስ ቆርጦ የራሱ ላይ ይጥፍ ነበር። እኔ ላይ ይረፉ፣ ከእንግዲህ አላዘምታቸውም ብሎ። በቤታችን የሚነገረው ይኸው ነው።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ሰብስበህ መልሰህ ጣፋቸው። አሥራ ሁለቱንም። ሰልፉ ሳይሞላ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ዞር ስል ረድኤት ከጎኔ የለችም።

በሩ ተከፍቷል።

ያቺን በረኪና የነጠበባትን ቢጫ ሹራቧን ለብሳ፣ ቀዩን ማስክ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ወደ ፊተኛው ክብ እየሄደች ነበር። «ረድኤት!» ብል አልሰማችም። ሮጬ ማስኩን ከፊቷ ላይ መነጨቅሁት። አንድ እግሯ ክቡ ውስጥ ገብቶ ነበር...

ዓይኗን አርገበገበችና «ለጌ፣ የት እየሄድን ነው?» አለችኝ።

ሌሎቹ ዞር እንኳ አላሉም።

ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ተንከራተትኩ። ስምንቱን ከሰዎቹ ላይ ለምኜም ተጣልቼም ወሰድኩ። ሦስቱን ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው። አንዷ ልጅ የአባቷን ስትሰጠኝ «ማይ ፍሬንድ፣ አላወልቅም እንዳለ ነው የሞተው» አለችኝ።

አሥራ ሁለቱንም መልሼ ጣፍኩ። እጄ የስፌት እጅ አይደለም፤ መርፌው ጣቴን በሳስቶታል። ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክቦቹ ባዶ ነበሩ። ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ዳነችልኝ ብዬ።

የዚያኑ ቀን ማታ ረድኤት ማሳል ጀመረች።

በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል ሞተች። ጋሽ አብዱልሀፊዝም በዚያው ሳምንት አልፈው ነበርና የምጠይቀው ሰው አጣሁ። አስከሬኗን ላያት አልፈቀዱልኝም። ሆስፒታል ለብሳው ከገባችው ቢጫ ሹራብ ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ የሬሳ ሳጥኗ ታሽጎ ነው የተቀበረችው። ከሩቅ ቆሜ አፈር ሲለብስ አየሁ።

ከቀብር ስመለስ ያንን ድሪቶ ላቃጥለው ወሰንኩ። ቁልፉን ከአንገቴ ላይ ፈትቼ ሳጥኑን ከፈትኩ።

እኔ የጣፍኩት ስፌት ዓይን ያወጣ ነው፤ ጠማማ፣ ደም የነካው። አንድ በአንድ ቆጠርኩ።

አሥራ ሦስት...

እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት።

አሥራ ሦስተኛው ደረቱ ላይ ነው፣ በልብ በኩል። ስፌቱ የኔ አይደለም፤ መጀመሪያ እንደተረተርኩት የጥንት ስፌት ጥንቅቅ ያለ ነው። ጨርቁ ቢጫ ሹራብ ነው። ሱቁን ስታጸዳ በረኪና የነጠበባት ያቺ ነጭ ነጥብ መሐሉ ላይ አለች።

መርፌው አልተነቀለም። ተንጠልጥሏል። የክሩ ጫፍ፣ ሰው በከንፈሩ እንዳረጠበው፣ ገና እርጥብ ነበር።