ከ«ይሸፍናል» ቀጥሎ የነበረው

ኤሚል ኩቤና ከብቶቹ በሚጠጡበት ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የሚጥል በሽታ እንዳለበት በዚያ የቴክሳስ ገጠር የማያውቅ የለም፤ ክኒኑን ሳያጓድል ስለሚውጥ ግን ለዓመታት ተነስቶበት አያውቅም። መርማሪ ዶሎሬስ ካንቱን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። የብልቃጡን ክኒኖች መዳፏ ላይ ስትገለብጣቸው ሁሉም ልክክ ብለው ለሁለት ተከፍለዋል። ለማንም ሳትናገር ብልቃጡን ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ የሄደችው የኤሚል የወንድም ልጅ፣ የመድን ወኪሉ ዳረል ዘንድ ነው።

«አጎትህ መድኃኒቱን ይወስድ ነበር?»

«እንዴታ! ግማሿም ብትሆን ሳይውጥ አያድርም» አለ ዳረል፣ ዓይኑ ቀልቶ።

ቀጥላ መድኃኒት ቤት ገባች። ፋርማሲስቷ ትሪቫ ሉንድ ክኒኖቹን ስታይ ክው አለች።

«ማነው የከፈላቸው? ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ እንዲሠሩ እኮ ነው የተሠሩት! ከተከፈሉ ባንዴ ይለቁና ሲመሽ ባዶ ነው። አዲሱ መድን አልከፍልም ሲል ቤታቸው መደወል ነበረብኝ። ወኪሉ እኔ እጨርሰዋለሁ ቢለኝ ተውኩት። ምነው በደወልኩ!»

ከቀብሩ ማግስት ካንቱ ዳረልንና ትሪቫን በሟቹ ሚስት በአልቢና ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ለቀስተኛ ያመጣውን ኮላቼ የተባለ ጣፋጭ ዳቦ የነካው የለም።

«ልጄ፣ አትድከሚ» አለች አልቢና። «የገደልኩት እኔ ነኝ። ርካሹን መድን እንግባ ብዬ የነዘነዝኩት እኔ።»

«የእርስዎ ጣት በቁርጥማት ታጥፎ የብልቃጥ ክዳን እንኳ አይከፍትም» አለች ካንቱ። « የኤሚል እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንዲህ አስተካክሎ አይቆርጥም። ወይዘሮ ሉንድ ክኒኑን መቁረጥ ያለውን ጉዳት ስለሚያውቁ አይነኩትም። ዳረል፣ አንተ ግን መከፈላቸውን ለማንም ሳልናገር "ግማሿም ብትሆን" አልከኝ።»

ዳረል አንገቱን ደፋ።

«ሕጉ ኩባንያው መድኃኒቱን በምን ሁኔታ እንደሚሸፍን እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ገልጿልም» ስትል ቀጠለች። «አክስትህ እንደነገሩኝ፣ በስልክ ሲጠይቁህ "ይሸፍናል" ብለህ አነበብክላቸው። ቀጥሎ ያለውን፣ "ርካሹ መድኃኒት መጀመሪያ ተሞክሮ ካልሠራ ብቻ" የሚለውን ዋጥከው።»

«ባነበው ትተወው ነበር» አለ ዳረል በሹክሹክታ። «ሻጥር አልሠራሁም ብዬ ራሴን አታለልኩ... ኋላ ኩባንያው እምቢ ሲል አፈርኩ። ፈቃዱ እስኪመጣ እንዲበቃው ያለውን ክኒን ለሁለት ከፈልኩለት። ሐኪሙ አዟል አልኩት። አጎቴ አመነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት!»

አልቢና ወደ ዳረል ዞረች።

«ለምን አልነገርከንም?»

«ፈራሁት፣ አክስቴ።»

«ኤሚልን?» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «አንተ ቂል፤ ይስቅብህ ነበር። ስቆብህ ሁለት ጊደር ሸጦ መድኃኒቱን ይገዛ ነበር።»