የወይዘሮ የሺመቤት ጋቢና

አጥናፉ አሮጌ ቆዳ ከወንበር ላይ ሲያነሳ አይቸኩልም። በወስፌው ጫፍ የመጀመሪያዋን ክር ፈልጎ ብድግ ያደርጋታል፣ በምላጭ ይበጥሳታል፣ ከዚያ በኋላ ስፌቱ እየተተረተረ ራሱ ይከተለዋል። የተነሳው ቆዳ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ለአዲሱ ልክ መቁረጫ ስለሚሆን አንዲት ቁራጭ እንኳን መቀደድ የለባትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጋሽ ውብሸት ቤት ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል፤ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ባለው የቆርቆሮ ቤት፣ የማስቲሽና የቤንዚን ሽታ ከልብሱ አልፎ ትራሱ ላይ እስኪቀር ድረስ።

የቤቱ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዲስ ቆዳ በአሮጌ ቆዳ ላይ አይሰፋም፤ ያ የሰነፍ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ወንበሩን የሠራው ሰው ከቆዳው ጀርባ ስሙንና ቀኑን ሳይጽፍ ወንበር አይዘጋም። ነገ ስፌቱ ቢከፈት ማን እንደሠራው ይታወቅ ነው ነገሩ። ጋሽ ውብሸት በዚህ ቀልድ አያውቁም። ልጅ ሳሉ ድቁና ተምረው፣ ብራና ሲፍቁና ቁም ጽሕፈት ሲለማመዱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ከብራና ወደ መኪና ወንበር እንዴት እንደገቡ ሲጠየቁ «ያው ቆዳ ነው» ብለው ያልፉታል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የሚጽፉት የሥራ ዝርዝር እንኳን ፊደሉ እንደ ዳዊት ገጽ ተደርድሮ ነው የሚታየው። ባለፈው ፋሲካ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ከእኔ በኋላ ይህ ቤት የአጥናፉ ነው» ብለው ነበር። አጥናፉ ያን ቀን ዕቃ የሚያነሳ መስሎ ወደ ጓሮ ወጣ። አባቱን አያውቅም፤ «ልጄ» ያለው ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

መኪናው የመጣው በሐምሌ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው። ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ አፍንጫው ረዘም ያለ የድሮ የጣሊያን የስፖርት መኪና ነበር። የሚነዱት ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ፣ ስድሳን ያለፉ፣ አለባበሳቸው የተስተካከለ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ለወትሮው ጋሽ ውብሸት ሠራተኛ ልከው እቤታቸው ያሠሩላቸው እንደነበር፣ አሁን ግን የግቢያቸው ጋራዥ ለመንገድ ተብሎ ስለፈረሰ እዚህ ድረስ ለማምጣት እንደተገደዱ ተናገሩ። መኪናው ውስጡ ክሬም ነው፤ ወደ ጥቁር እንዲቀየርላቸው ፈለጉ።

«ክሬሙ ሰለቸኝ» አሉ። «የሾፌሩ ብዙም አያሳስበኝም፤ ጋቢናውን ግን ተጠንቅቀህ ሥራልኝ። አሁን አሁን ዝም ብሎብኛል።»

አጥናፉ ስለ ሬዲዮ የሚያወሩ መስሎት «ኤሌክትሪክ ሠሪ እናሳየዋለን፣ እማማ» አለ። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ቁልፉን እጁ ላይ አኖሩለትና ሄዱ። ጋሽ ውብሸት ትንሽ ቆይተው ከቢሯቸው ሲወጡ መኪናውን አይተው ዝናቡ ላይ ቆሙ። ውሃው እየተንጠባጠበባቸው፣ እንኳን ሊነኩት፣ በሦስት ሜትር ሊጠጉት አልፈለጉም። «እዚህ ድረስ አመጡት?» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ማክሰኞ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የገጠመው ሽታው ነው። አሮጌ ቆዳ የሚሸተውን እሱ ያውቃል፤ አቧራ፣ የከረመ ቅባት፣ ትንሽ ሻጋታ። ይህኛው ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሠራ ሰው ሸሚዝ ሲያወልቅ የሚወጣው ዓይነት ትኩስ የላብ ሽታ ነበር፤ ያውም መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ዝናብ ላይ ያደረ መኪና ውስጥ። የሾፌሩን ወንበር አወለቀው፤ ደንቡን የጠበቀ ሥራ፣ አንድ ቆዳ፣ አንድ ስፖንጅ። ሬዲዮውን ለማየት ከመሪው ጎን ወዳለው ሰሌዳ፣ ወደ ክሩስኮቱ ጎንበስ ሲል ደግሞ መኪናው ሬዲዮ ኖሮት እንደማያውቅ ተገነዘበ፤ ቦታው እንኳን አልተቆረጠም።

የጋቢናውን ወንበር በእጁ ሲጫነው ሞቀው። ለወንበር የሚከብድ ክብደት ነበረው፤ ሁለት ሰው ጠርቶ ነው ያወረደው። ጠረጴዛው አጠገብ ብቻውን ሲቀር መዳፉን መቀመጫው መሃል ላይ አሳርፎ ጫን አለ። ስፖንጅ ሲጫኑት አየር ያወጣል፣ ሲለቁት ይስባል፤ ይኼ ሁሌም ያለ ነገር ነው። ይህኛው ግን እጁን ካነሳ በኋላ ጥቂት ቆየና ሳይነካው እንደገና አወጣ፣ እንደገና ሳበ፣ ከዚያም ሰው እንዳየው ሁሉ ቀጥ አለ። አጥናፉ የራሱን ጆሮ ሰድቦ ምሳ ሊበላ ወጣ።

ረቡዕ መብራት ጠፋ። ሰማዩ እንደተደፋ ድስት ጠቁሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ውስጥ ሰው ከሰው አይለይም ነበር። ሠራተኞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ሻይ ቤት ሲሄዱ አጥናፉ ስልኩን ባትሪ አድርጎ አፉ ውስጥ ነክሶ ክሬሙን ቆዳ መተርተር ጀመረ። ክሬሙ ሲነሳ ስር ያገኘው ስፖንጅ አልነበረም፤ አረንጓዴ ቆዳ ነበር። ከአረንጓዴው ስር ቡናማ። ልብስ በልብስ ላይ፣ ያውም በጋሽ ውብሸት ቤት። መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው፤ የትኛው ሰነፍ ነው በሕጋችን የቀለደው ብሎ ክሬሙን ገልብጦ ባትሪውን አበራበት።

«ወንዳፍራሽ ገዝሙ። ሐምሌ 2007።»

ወንዳፍራሽን ሳይረግም የዋለበት ቀን የለም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አሥር ዓመት የሰፉ፣ ሳሪስ ላይ የራሳቸውን ቤት ሊከፍቱ ቃል የተገባቡ ጓደኛሞች ነበሩ። ያን ክረምት ወንዳፍራሽ ለአምስት ቀን የውጭ ሥራ ተብሎ ወደ አንድ ደንበኛ ቤት ሄደና በዚያው ቀረ። «ካርቱም ገባ አሉ» ብለው ነበር ጋሽ ውብሸት። «ካደን፣ ልጄ።» አጥናፉም አመነ። ዓመት ቆይተው የወንዳፍራሽ እናት ከደብረ ሲና ልጃቸውን ፍለጋ ሲመጡ፣ «ልጅዎ ከሃዲ ነው፤ እዚህ የሚያውቀው ሰው የለም» ብሎ መቀመጫ እንኳን ሳያቀርብላቸው ከበር መለሳቸው። አሮጊቷ ያን ቀን ደረጃው ላይ የቆሙበትን ሁኔታ አሁን በዚያ ጨለማ ውስጥ አየው።

ይበልጥ ክው ያደረገው ግን ሌላ ነው። ወንዳፍራሽ መጻፍ አይችልም ነበር። ማንበብም መጻፍም ሳይማር ያደገ ሰው ስለሆነ በስሙ ፈንታ ሁልጊዜ ክር የገባባት መርፌ ነበር የሚስለው፤ በዚህም ሲቀለድበት ይስቅ ነበር። ቆዳው ላይ ያለው ፊደል ግን ቀጥ ያለ፣ እግሩና ራሱ የተለካ፣ እንደ ዳዊት ገጽ የተደረደረ ቁም ጽሕፈት ነው። አረንጓዴውን ገለበጠ። «ኑረዲን»፣ በዚያው እጅ። ኑረዲንም ለውጭ ሥራ ሄዶ የቀረ ነው፤ ጅቡቲ ገባ የተባለው። ቡናማው ላይ የማያውቀው ስም አለ፣ ያም በዚያው እጅ። ከሦስቱ ቆዳ በታች፣ ስፖንጁ መሆን ባለበት ቦታ፣ ባትሪው ብርሃን ላይ ለቅጽበት የሆነ ነገር ገላ መስሎ ሸሸና ተጨማደደ። አጥናፉ ቆዳዎቹን መልሶ ከደናቸው።

ያኔ ነው ጋሽ ውብሸት በር ላይ የቆሙት። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ከብርሃኑ ወዲያ ጥላቸው ብቻ ነው የሚታየው።

«አጥናፉ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ያንን ወንበር ስትጨርስ ስም እንዳትጽፍበት። ስሙን ለእኔ ተወው።» ፊታቸውን አዞሩና ሄዱ።

ሐሙስን አጥናፉ ምን ይዞት እንደዋለ ለራሱም አያውቀውም። እጁ ሥራውን ይሠራል፤ ጥቁሩን ቆዳ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ያዋድዳል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። በድሎት የኖረ ሰው አይደለም፤ ይዞት የኖረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የእኚህ ሰው «ልጄ» የሚለው ቃል። ያቺ ቃልም ለካ ለሌላው ሁሉ ስትባል የኖረች ናት። ለወንዳፍራሽም ብለዋታል። ለኑረዲንም ሳይሏት አልቀሩም። ቤቱ ያንተ ነው ያሉት ሊያደልቡት ኖሯል! ተነስቶ ቢሄድስ ብሎ አሰበ፤ ግን የስሙ ጌታ እሱ ካልሆነ፣ እሳቸው ብዕር ባነሱበት ሰዓት ካርቱም ቢሆን ጅቡቲ ምን ይጠቅመዋል? ወንዳፍራሽን ዘጠኝ ዓመት የረገመበት እርግማን ተመልሶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ፣ አንዲት እንባ ግን አልወረደችም።

ጋሽ ውብሸት «ጉዳይ አለኝ» ብለው ከምሳ በፊት ወጥተው ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ሲል አጥናፉ የጥቁሩን ቆዳ ጀርባ ገለበጠ፣ እስክሪብቶውን አነሳ። ነገሩ ከንቱ ከሆነ ከንቱ ነው፣ ማንንም አይጎዳም፤ ከንቱ ካልሆነ ደግሞ የሚገባው ሰው ይቅመሰው ብሎ፣ በዚያ በጫጫረ የራሱ ጽሕፈት «ውብሸት ኃይለጊዮርጊስ» ብሎ ጻፈ። ቀኑንም ጻፈ። እጁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። የመጨረሻውን ፊደል ሲጨርስ ቆዳው ከመዳፉ ስር ቀስ እያለ ሞቀ፣ ገና ሻይ እንደተቀዳበት ብርጭቆ። ፈጥኖ አለበሰው፣ የሽቦ ቀለበቶቹን በጉጠት አንድ በአንድ አጠበቀ፣ ወንበሩንም ሰዎች ጠርቶ መኪናው ላይ መልሶ አሰረው። ከማክሰኞው የከበደ መሰላቸው፤ አንደኛው ወገቡን ይዞ ተሳደበ።

ዓርብ ቤቱን የከፈተው አጥናፉ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መቆለፊያውን ከጋሽ ውብሸት በቀር ማንም ከፍቶት አያውቅም ነበር። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ቤታቸው ሰው ላከ፤ ትናንት እንደወጡ አልተመለሱም አሉ። ሠራተኞቹ ሆስፒታል እንፈልግ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንጠይቅ እያሉ ሲተረማመሱ እሱ መጥረጊያ ይዞ ያንኑ አንድ ቦታ ይጠርግ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ የሺመቤት በእግራቸው መጡ። ከሾፌሩ በር በፊት የጋቢናውን በር ከፈቱ። ጓንታቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ጥቁሩ ቆዳ ላይ አሳረፉ፣ እንደሚያባብሉ ሁሉ ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ወንበሩ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። አጥናፉ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ የዋለን ሰው ትንፋሽ ማን ይስታል? ቆዳው ላይ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ የሰው ጭን የሚያህሉ ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ቀስ ብለው እየሰመጡ ነበር።

«ትናንት እቤት መጥተው ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸውን ከወንበሩ ሳያነሱ። «እግሬ ላይ ወድቀው ለመኑኝ። ወንበሩ ያለ ስም ይዘጋና መኪናውን ይዘውልኝ ይሂዱ፣ 'ይኼን ልጅ ግን አልሰጥም፣ ይኼ ልጄ ነው' አሉ። እኔም እሺ ልላቸው ነበር፤ አርጅተዋል፣ አሳዘኑኝ። ሻይ ላመጣላቸው ጓዳ ገብቼ ስመለስ የሉም። ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው።»

አጥናፉ ወስፌውን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ መኪናው ተራመደ። ስፌቱን መተርተር ነበር የፈለገው፤ የመጀመሪያዋን ክር ቢያገኛት ሌላው ራሱ ይከተል ነበር። ሴትዮዋ ግን በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት፤ ከመስታወቱ ጀርባ መቀመጫው አንዴ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ዞረው መሪው ጋ ተቀመጡና ሞተሩን አስነሱ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው አጥናፉን ከእግር እስከ ራሱ፣ ሠራተኛ እንደሚመርጥ ሰው፣ አዩት።

«እንግዲህ ከአሁን በኋላ የምገናኘው ካንተ ጋር ነው» አሉ፤ ፊቱንም ጥቂት አጥንተው፣ «እሳቸው እንኳን ስም በጻፉ ቁጥር ያለቅሱ ነበር» አሉት።