«ቀለበቱ የውሸት ነው»

የዶክተር ሰማኸኝ አስከሬን ከክሊኒኩ ሳይወጣ እናቱ እማማ ወለተ ሰንበት የልጃቸውን እጮኛ «ገዳይ!» ብለው ጮኹባት። ኢንስፔክተር ጥሩሐረግ ስትደርስ የሟቹ እጮኛ መስከረም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ወንድሞቹ ደግሞ ካልታሰረች ንቅንቅ አንልም ብለው በሩን ይዘዋል።

«ሾርባ አምጥታ አጠጣችው፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ እየባሰበት ሄደ» አሉ እማማ።

«ሾርባው የታለ?»

«የተረፈውን እኔ ጠጣሁት። ይደፋ እንዴ? ደግሞ ሊሞት ሲል ‹ቀለበቱ የውሸት ነው› አለኝ። ለዚያውም በአማርኛ!»

«ሌላ ጊዜስ በምን ነበር የምታወሩት?»

«በኽምጠኛ ነዋ፣ በአገራችን ቋንቋ! እናትና ልጅ በምን ሊያወሩ ኖሯል? ከዚች ከእጮኛውም ጋር እንደዚያው። አማርኛው ለሥራው ነው።»

ጥሩሐረግ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር አትወድም። ባልደረቦቿ «ነገር ጎርጓሪ» ይሏታል፤ እሷም አትከፋም። ወንድሞቹን እስኪነጋ እንዲታገሱ ለምና፣ የሟቹን የመጨረሻ ቃል ለመስከረም ነገረቻት። ልጅቷ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አይታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሰማኸኝ፣ ኤርምያስና የትናየት ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ለድኅረ ዶክትሬት ጥናት በ1999 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ የመጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። በአንድ የኪራይ ቤት ላቦራቶሪ ከፍተው፣ ከዚያው አካባቢ ከዝቋላ ወረዳ ገበሬዎችና ከፍየሎቻቸው ሰገራ እየሰበሰቡ፣ የአንጀት ባክቴሪያ መድኃኒትን እንዴት እንደሚለምድ ያጠናሉ። ክሊኒክ የሚታከምበት መድኃኒት ሁሉ የማይበግረውን ባክቴሪያ ያገኘው ሰማኸኝ ነው። ታዲያ ጥናቱን የሚከታተሉት የውጭ አገር ፕሮፌሰሮች ሲጽፉ ለእሱ፣ ሲያመሰግኑም እሱን ነበር። ሲታመም ናሙናውን መርምሮ ለክሊኒኩ መድኃኒቱን የጠቆመው ኤርምያስ ነው፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ነበሩ።

ጥሩሐረግ ኤርምያስን ላቦራቶሪው ውስጥ አገኘችው።

«ባልንጀራዎ ሲሞት ‹ቀለበቱ የውሸት ነው› ብሏል። ምን ማለቱ ይመስልዎታል?»

«የመስከረም ቀለበት ነዋ! ልጅቷ እንደማትሆነው ስንቴ ነግሬዋለሁ።»

«እርስዎም ይወዷት ነበር ይባላል።»

«እኔ በሴት የምቀና ሰው አይደለሁም።»

«በምን ይቀናሉ ታዲያ?»

ኤርምያስ ሳቀና ወደ ሥራው ዞረ።

የትናየት ናሙና ለመሰብሰብ ዝቋላ ሰንብታ የተመለሰችው ሰማኸኝ ከሞተ በኋላ ነው። ያንኑ ቃል ከጥሩሐረግ ስትሰማ በቀጥታ ባክቴሪያ ወደሚያበቅሉበት የሙቀት ሣጥን ሄዳ፣ የሰማኸኝ ስም የተጻፈበትን፣ ፕሌት የሚሉትን ክብ ሳህን አወጣች።

«ቀለበት የምንለው ይሄን ነው። መድኃኒት የነካት ወረቀት ባክቴሪያው መሐል እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ ከሠራ በዙሪያዋ ያለው ይሞትና ባዶ ክብ ይወጣል። ካልሠራ ቀለበት የለም።»

«ይሄኛው ሰፊ ቀለበት አለው። መድኃኒቱ ከሠራ ሰውየው ለምን ሞተ?»

የትናየት ፊቷ ተለወጠ።

«የናሙናው ትራፊ አለ?» አለች ጥሩሐረግ።

«ፍሪጅ ውስጥ።»

«እንደገና ሥሪው። እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ሲነጋ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጥሩሐረግ ሁለት ፕሌቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ሾርባው መርዝ ቢኖረው እርስዎም አብረው በሄዱ ነበር። ደግሞ ልጅዎ የልቡን ነገር የሚነግርዎት በኽምጠኛ ነው። በአማርኛ የተናገረው ስለ ሥራው ቢሆን ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ሲብስበት ነገሩ ገባው፤ ግን ትኩሳቱ ከዚያ በላይ አላናገረውም። ይህ ፕሌት ለክሊኒኩ የታየው ነው፤ ቀለበት አለው። ይህ ደግሞ ከዚያው ከሰማኸኝ ናሙና አሁን የበቀለው ነው፤ ምንም ቀለበት የለውም። የመጀመሪያው የሌላ ባክቴሪያ ፕሌት ነው፤ ስሙ ብቻ የሱ። እውነተኛው ታይቶ ቢሆን ክሊኒኩ ሌላ መድኃኒት ወዳለበት ሆስፒታል በላከው ነበር። የትናየት ያን ጊዜ ዝቋላ ነበረች። መስከረም ፕሌትና ክዳኑን አትለይም።»

ሁሉም ወደ ኤርምያስ ዞሩ።

«ስህተት ነው!» አለ። «ፕሌት ተቀያይሮብኝ ነው፤ በሥራ ላይ ያጋጥማል!»

«ያጋጥማል። እኔም ስህተት ነው ብዬ ልተውህ ነበር።» አንቱታው ቀረ። «ቀለበት የሚለው ቃል ግን ከአፍህ አይጠፋም። መስከረም ስትሰማው ጣቷን አየች፤ የትናየት ወደ ፕሌቱ ሄደች። አንተ የፕሌቱ ሰው ሆነህ ሳለ ወደ ልጅቷ ጣት ጠቆምከኝ። የተሳሳተ ሰው ቢሆን ደንግጦ ፕሌቱን ባየ። አንተ ግን ታውቅ ነበር።»

ኤርምያስ አቀረቀረ። ሲናገር ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ከፊደል ጀምሮ እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ! ያ ባክቴሪያ የተገኘበትን ናሙና ከዝቋላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማን ስሜን ጠራ? ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እንኳን ደስ ያለህ እያልኩ ስቃጠል ኖሬያለሁ።»

እማማ ወለተ ሰንበት መስከረም እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ልጅቷ ቀድማ አቀፈቻቸው። ሁለቱም በኽምጠኛ እየተነጋገሩ አለቀሱ፤ ወንድሞቹም አንገታቸውን ደፍተው ከበሩ ላይ ገለል አሉ።

ኤርምያስ ካቴና ገብቶለት ሊወጣ ሲል ቀለበት ወደሌለው ፕሌት ዞሮ አየ።

«ባክቴሪያው... በማን ስም ይጠራል?» ብሎ የትናየትን ጠየቃት።

«በሰማኸኝ ነዋ። ከሱ አንጀት ነው የወጣው።»

ኤርምያስ ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ለባልንጀራው ግን አልነበረም።