ከእጇ ያልጠጣው

ጓንጉል መጀመሪያ ያየው እጇን ነው። ፊቷን ያየው ኋላ ነው።

ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የይመኙሻል ወንድም ደጅይጥኑ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የጓንጉልን ወንድም ገደለ። ሽማግሌዎች አስታረቁና ደም ማድረቂያ ብለው ይመኙሻልን ለጓንጉል ዳሩለት። ሁለቱ ወገን አብሮ ሊበላ፣ አብሮ ሊጠጣ በመስቀል ተማለ። ይህን ያፈረሰ ደሙን መልሶ ከፈተ ተባለ።

በሠርጉ ቀን ይመኙሻል ጠላ ቀድታ፣ እንደ አገሩ ወግ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና አቀረበችለት። መርዝ የለበትም ማለቷ ነው። ጓንጉል እጇን አየ። ቀጥሎ ፊቷን አየ፤ ዐይኑም ለሰለሰ። ዋንጫውን ግን ከንፈሩን ብቻ አስነክቶ አስቀመጠው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሆነ። ምግቡን ከአንድ ገበታ ይበላሉ። መጠጥ ሲሆን «ቆይ፣ በኋላ» ይልና ይወጣል። አንድ ቀን ይመኙሻል ማድጋ ይዛ ስትወርድ፣ ከገደሉ ሥር ካለችው ምንጭ በደረቱ ተኝቶ በአፉ ሲጠጣ አየችው። ከድንጋይ ኋላ ተደበቀች።

«የገዳይ እኅት ነኝና ፈራኝ» አለች በልቧ።

ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር መሐላው ፈረሰ ይባላል፤ ጠመንጃ ይወጣል። ደግሞም ትወደው ነበር። እሾህ ሲወጋት እግሯን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚነቅልላት፣ ልጃቸው አመተ ማርያም ስትወለድ ከበረት ገብቶ ያለቀሰ ሰው ነው።

በሚያዝያ፣ ምንጩ ሁሉ በቀጠነበት ወር፣ ጓንጉልን ሆዱን ያመው ጀመር። ኮሶ ጠጣ፤ ጠበል ጠጣ። ገረጣ እንጂ አልዳነም። አንድ ቀን እርሻ ላይ በበሬዎቹ መካከል ቆሞ ደም አስታወከ።

ታላቅ ወንድሙ ምንዋጋው ይህን አይቶ ሮጠ። የሮጠው ግን ወደ ቤት ነው። ይመኙሻልን በሹሩባዋ ጎትቶ ደጅ አወጣት፤ በጠመንጃው ሰደፍ አፏን መታት። የፊት ጥርሷ ተሰብሮ አፈር ላይ ወደቀ።

«ምን አበላሽው?»

«የበላውን በልቻለሁ።»

«ያጠጣሽውስ?»

ዝም አለች። «ከእጄ ጠጥቶ አያውቅም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ከደሟ ጋር ዋጠችው።

«ይኸው ዝም አለች። ዝም ያለ አምኗል» አለና ምንዋጋው ጠመንጃውን አቀባበለ። የንስሐ አባታቸው አባ አሥራተ ማርያም ደርሰው አፈሙዙን በመስቀላቸው ገፉት። ጥይቱ አልፎ ጋኑን ፈረካከሰው፤ ጠላው በደጁ ወረደ።

«ገዝቼሃለሁ ምንዋጋው። ሰው ሳይሞት ደም የሚፈለገው በየት አገር ነው? ፊት ሐኪም ይየው።»

«እሺ አባ። እሷም አብራ ትሄዳለች። እሱ የሞተ ለት ግን ሳይቀበር ትከተለዋለች።»

የሰቆጣው ክሊኒክ ድሬሰር «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ አሥመራ አድርሱት» አለ። በቃሬዛ አንሥተው መኪና ወደሚገኝበት ወደ ኮረም ጉዞ ሲጀምሩ፣ ደጅይጥኑ ከዘመዶቹ ጋር ጠመንጃ ደግኖ ከጋራው ላይ ቆመ። «እኅቴን ልቀቅ፣ አለዚያ ሬሳ ሁለት ይሆናል» ብሎ ተጣራ። ምንዋጋውም ደገነ። ይመኙሻል ልጇን እንዳዘለች በሁለቱ አፈሙዝ መካከል ገባች።

«ተመለስ ወንድሜ። አንተ አንድ ጊዜ ተኩሰህ እኔ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ።»

ደጅይጥኑ ጠመንጃውን አወረደ።

አሥመራ ሆስፒታል በር ላይ የምንዋጋውን ጠመንጃ ዘበኛ ተቀበለው። በጋቢው ውስጥ ያለውን ጩቤ ግን አላየም። አማርኛ የምትችል ወለተ ሰንበት የምትባል ነርስ፣ እንደ እባብ የተጠቀለለ ረጅም ጥቁር ቱቦ አሳየቻቸው።

«ጫፉ ላይ መብራት አለው። በአፉ ይገባና ሐኪሙ ውስጡን ያያል።»

«ይይልኝ» አለ ምንዋጋው ይመኙሻልን እያየ። «መርዙን አይቶ ይንገረኝ። የቀረውን እኔ አውቃለሁ።»

ቱቦው ጉሮሮውን ሲነካው ጓንጉል እንደታረደ በሬ ተንፈራገጠ። ነርሷን በእርግጫ መታ፤ የሐኪሙን ጣት ነከሰ፤ ቱቦውን መንጭቆ አወጣው። አልጋው ደም በደም ሆነ።

«ጉሮሮው የሚደነዝዝበትን መድኃኒት ይጠጣ፤ አለዚያ አይሆንም» አለች ነርሷ። ጓንጉል ጥርሱን ገጠመ።

ይመኙሻል ኩባያውን ተቀበለች። በመንገዱ ሁሉ አፏን የሸፈነችበትን ነጠላ ገለጥ አደረገች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

«ኧረ እኅቴ፣ ለእሱ እኮ ነው» አለች ነርሷ።

ጓንጉል ያበጠውን ከንፈሯን፣ የጎደለውን ጥርሷን አየ።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

 ምንዋጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ከእጅሽ ጠጥቼ እንደማላውቅ ለምን አልነገርሽውም?»

«ምንጩ ጋ አይቼሃለሁ...» አለች፤ ምላሷ ደንዝዞ ቃሉ ይጎተታል። «ብናገር እናንተና እኛ እንተላለቅ ነበር። ልጃችን ለማን ትቀራለች?»

«ውሸት ነው» አለ ምንዋጋው፤ እጁ ጋቢው ውስጥ ገባ። «ሊያድናት ነው።»

ጓንጉል ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ ጨለጠው። ከዚያ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ጣለ። ቱቦው ገባ። እንባው በጆሮው ወረደ፤ ጥፍሩ ክንዷን አደማው። አልለቀቀችውም።

ሐኪሙ በቱቦው ማያ አጎንብሶ ቆየና በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ።

«የሚንቀሳቀስ ነገር አለ ይላል» አለች ወለተ ሰንበት።

ሐኪሙ በቱቦው ባሳለፈው ቀጭን መቆንጠጫ ይዞ ከነቱቦው ሳበው። ሣህኑ ላይ የወደቀው አውራ ጣት የሚያህል፣ ደም ጠጥቶ የጠገበ ጥቁር አልቅት ነበር። እየተኮማተረ ሄደ። ምንዋጋው ከስንት በሬ ጉሮሮ ነቅሏል፤ አልጠፋውም።

«የቤት ጠላ አልቅት የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ይህ የምንጭ ነው።»

«ነው» አለ ጓንጉል፣ ድምፁ ተሰንጥቆ። «መርዝ ስፈራ የጠጣሁት ነው።»

ጩቤው ከጋቢው ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ። ምንዋጋው ወጣና ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ተመለሰ፤ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ዘበኛው ተከትሎት፣ «አባት፣ የአበባው መደብ ድንጋይ ነው፤ ይመልሱት» ይላል።



«ያውርዱት» አለች ይመኙሻል። «ጥርሴን አይመልሰውም። ግን በልጄ ፊት ጠመንጃ እንዳያነሡ ይማሉልኝ።»

ማለላት።

ሰኔ ሲገባ ከቤታቸው ነበሩ። አዲስ ጋን ታጥኖ፣ አዲስ ጠላ ደርሶ፣ በአባ አሥራተ ማርያም ፊት ምንዋጋውና ደጅይጥኑ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይመኙሻል ለጓንጉል ቀዳች። ዋንጫውን ወደ መዳፏ ስታዘነብል እጇን ያዘው።

«አትቅመሺ።»

«ወግ ነው።»

«ወጉ ለእንግዳ ነው። እኔ ባልሽ ነኝ።»

ዋንጫውን ወስዶ እስከ አተላው ጠጣው። ይመኙሻል ሳቀች፤ ወዲያው የጎደለ ጥርሷን በእጇ ሸፈነች። ጓንጉል እጇን ከአፏ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣውና፣ በሰው ሁሉ ፊት መዳፏን ሳመው።

«ድገሚኝ» አላት።