ቱቦውን ከውስጥ የሚስበው

እዚህ ገጽ ላይ ብዙ አስፈሪ ታሪክ ይነበባል። የትኛው በእውነት እንደ ደረሰ፣ የትኛው በሐሳብ እንደ ተፈጠረ አላውቅም። ይህኛው ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ቱቦውን ይዘው የነበሩት እነዚህ ሁለት እጆቼ ናቸው።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ሰዓቱ ቀትር፤ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባበት ጊዜ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

ቦታው ትላልቅ ታንከሮች የሚጠገኑበትና ቀለም የሚቀቡበት ሰፊ ግቢ ነው። በዚያ ግቢ የኮምፕረሰር መካኒክ ሆኜ ጎልማሳነቴን ጨርሻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቱቦ ባፈሰ ቁጥር ይጠሩኛል። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እምቢ ብዬ አላውቅም።

ፎርማኑ በዋዜማው ደውሎልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በሰንበት ላስቸግርዎት ነው፤ ይቅርታ። የኮምፕረሰሩ ቱቦ እዚህም እዚያም ያፈሳል። ሰኞ ጠዋት ቀለም ቀቢዎቹ ልጆች ታንከሩ ውስጥ ይገባሉ።»

«ገባኝ፤ እመጣለሁ» አልኩት።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የታንከርን ሆድ ከውስጥ የሚቀባ ሰው የቀለሙ ሽታ እንዳይገድለው፣ ራሱን እስከ አንገቱ የሚሸፍን፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ጭምብል ያጠልቃል። የሚተነፍሰው አየር ከውጭ፣ ከኮምፕረሰሩ ተጣርቶ፣ በረጅም የጎማ ቱቦ ይመጣለታል። ቱቦው ካፈሰ ያ ሰው ትንፋሽ አጠረው ማለት ነው።

ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቢጮኽም አይሰማም። ስለዚህ ሌላ ሰው ውጭ ቱቦውን በእጁ ይዞ ይቆማል። የውስጡ ሰው አንድ ጊዜ ሳብ ያደርገዋል፤ «አለህ?» ማለቱ ነው። የውጭውም አንድ ጊዜ ይስባል፤ «አለሁ» ማለቱ ነው።

ሕጉ አንድ ነው። የውስጡ ሰው ሳይወጣ ቱቦ የያዘ ሰው ቱቦውን አይለቅም። ሰማይ ቢደፋበትም አይለቅም።

በሩን የከፈተልኝ ዘበኛው ነው። ሠራተኛው ሁሉ «አይተኜ» ይለዋል፤ ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ ያላገኘው ሰው የለማ።

«ጋሼ፣ ዛሬም? ጡረታ የወጣው ስምዎት ብቻ ነው እንዴ?»

«አንተስ፣ ነቅተህ ነው ወይስ እያለምክ የከፈትክልኝ?»

«እኔ ስተኛም አንድ ዓይኔ ሥራ ላይ ነው።»

«ግቢ ውስጥ ሰው አለ?»

«ማን ይኖራል! ሁሉንም አስወጥቼ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔና ከእርስዎ ሌላ ያለው ዝንብ ብቻ ነው።»

ሳቅሁና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ኮምፕረሰሩ በናፍጣ የሚሠራ ነው። አስነሣሁት። የሳሙና ውሃ በጥብጬ ቱቦዎቹን በብሩሽ እየቀባሁ ሄድኩ። አየር በሚወጣበት ቦታ አረፋው ያብጣል፤ የሚያፈሰው ቦታ ራሱን ይናገራል። ሞተሩን እያጠፋሁ ቆረጥኩ፤ የላላውን አጠበቅሁ፤ ያረጀውን በአዲስ ለወጥኩ፤ መልሼም አስነሣሁ።

የመጨረሻው ቱቦ በታንከሩ ጎን ባለው ክብ መግቢያ ወደ ውስጥ የዘለቀው ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ ሲወጡ ከነጭምብሉ ውስጥ ትተውት ሄደዋል።

ከመግቢያው አጠገብ ስንጥቅ አገኘሁበት። ሳሙናውን ቀባሁት።

አረፋው አበጠ።

ከዚያ... ሟሸሸ።

አበጠ... ሟሸሸ።

የሚያፈስ ቱቦ አረፋ ያሳብጣል እንጂ መልሶ አይስብም። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። የሞተሩ ትርታ ይሆናል ብዬ አጠፋሁት። በውስጡ የቀረውንም አየር አስወጣሁ። የግፊት መለኪያው ባዶ ላይ ተቀመጠ።

ግቢው ጸጥ አለ።

አረፋው ግን አላቆመም። እንዲያውም ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመረ።

ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ያዝኩት። ያን ጊዜ ነው...

ሳብ አለ።

አንድ ጊዜ።

አእምሮዬ ሳያስብ እጄ መለሰ። እኔም አንድ ጊዜ ሳብኩ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከመለስኩ በኋላ ነው። ወደ መግቢያው ዘልዬ ራሴን አስገባሁ።

«ማን ነው? ማን አለ?»

የራሴ ድምፅ ብረቱን ዞሮ ተመለሰልኝ። ባትሪዬን አበራሁ። ታንከሩ በመካከሉ የብረት ክፍልፋይ አለው። ቱቦው ወለል ለወለል ሄዶ ከክፍልፋዩ በስተጀርባ ይሰወራል። ከዚያ ወዲያ አይታይም። ያለ ጭምብል ገብቶ የተረፈ ሰው አላውቅም፤ ያለው ጭምብል ደግሞ በዚያኛው ጫፍ ነው።

ቱቦው እንደገና ሳብ አለ።

ደግሞ ሳብ አለ። ደግሞ... ደግሞ...

ይህን አሳሳብ አውቀዋለሁ። አየር ያጠረው ሰው እንዲህ ነው የሚስበው።

ቱቦውን ሳልለቅ ወደ ሞተሩ ሮጬ አስነሣሁት። አየሩ ሲደርስ መሳቡ እየቀዘቀዘ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ...

አለህ?

አለሁ።

አይተኜ ሩጫዬን አይቶ መጣ።

«ምን ሆኑ ጋሼ? ፊትዎ አመድ መስሏል።»

«ቀስ በል። ድምፅህን ዝቅ አድርግ። እስቲ ይህን ያዝ።»

«ምኑን? ቱቦውን? ሊያስተምሩኝ ነው?» ብሎ እየሳቀ ያዘው።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ሰውየው ግን ከሳቁ ጋር አልነበረም።

«ጋሼ... ሳበኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ይዝጉት! በፈጠረዎት ይዝጉትና እንውጣ!»

«ሰው ቢሆንስ?»

«የለም እኮ አልኩዎት! አንድ በአንድ ነው የወጡት!»

«የሚተነፍስ አለ። የሚተነፍስ ካለ እኔ አልዘጋም።»

እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እኔ ፎርማኑን ልጥራ። እርስዎም... እርስዎም ይጠንቀቁ።»

ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ።

አንድ ነገር ልናገር፤ በዚህ ዕድሜ የሚደበቅ የለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ «አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጆቼ ይደውላሉ፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቃሉ፤ ይዘጋሉ። ይህ ግን ትንሽ ቆይቶ፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠይቃል፤ መልሴንም ይጠብቃል። ፈርቼ ነበር። ነገር ግን ጥሎ መሄድ የሚባለው ነገር ከልቤ ጠፋ።

ስንጥቁ በዚህ መካከል እየሰፋ ነበር።

አረፋውን በትኖ አየሩ መፉጨት ጀመረ። ወዲያው መሳቡ ደከመ። ካልቀየርኩት ያልቅበታል። ለመቀየር ደግሞ አየሩን መዝጋት አለብኝ።

ቢላዋውን፣ አዲሱን ቁራጭ፣ የብረት ማሰሪያዎቹንና ካቻቢቴውን አጠገቤ ደረደርኩ። ከስንጥቁ ወዲያ ያለውን ቱቦ በጉልበቶቼ መካከል ጨብጬ ያዝኩት። እሱ ምን ያህል እንደሚችል እንዳውቅ የራሴንም ትንፋሽ ያዝኩ።

ዘጋሁ።

ቆረጥኩ። ጉልበቴ ላይ ሳበ።

አዲሱን ቁራጭ በአንድ በኩል ከተትኩ። ሳበ፤ ሳበ፤ ሳበ።

አንደኛውን ማሰሪያ አጠበቅሁ። ደረቴ ይነድ ጀመር። ጥቁር ነጥቦች ዓይኔ ላይ ይርመሰመሳሉ።

በሌላ በኩል ከተትኩ። ሳብ... አደረገ፤ እንደ ሕፃን ጣት።

ሁለተኛው ማሰሪያ እጄ ላይ ተንሸራተተ። አነሣሁት። አጠበቅሁት።

ጉልበቴ ላይ ምንም አልነበረም።

ከፈትኩ። አየሩ ሄደ። እኔም ተነፈስኩ፤ እንደ ውሻ ለሃጭ እያዝረበረብኩ ተነፈስኩ።

ቱቦውን በሁለት እጄ ይዤ አንድ ጊዜ ሳብኩ።

ምንም።

ደግሜ ሳብኩ።

ምንም...

«አይዞህ» አልኩት። ለማን እንደምናገር አላውቅም። «አይዞህ፤ እዚህ ነኝ።»

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አይቻለሁ። የታንከሩ ጥላ እግሬ ላይ ሲደርስ...

ሳብ አለ።

አለቀስኩ።

ፎርማኑ አይተኜን አስከትሎ ሲደርስ በዚያው ሁኔታ ላይ ነበርኩ። ወጣት አይደለም፤ ሥራ አዋቂ ነው፤ ቀልድም አይወድም።

«ጋሼ፣ ፀሐይ መቶዎት ነው። ተነሡ፣ ቤትዎ ላድርስዎት» እያለ እጁን ወደ ሞተሩ ማጥፊያ ሰደደ።

«ልጄ፣ አትንካው! መጀመሪያ ቱቦውን ያዝ!»

«እሺ፣ ያዝኩት። ይኸው—»

ቃሉን አልጨረሰም። ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ መግቢያው፣ ከዚያም እጁ ወዳለበት ተመለከተ።

«ስንት ሰዓት ሆነው እንዲህ ከሆነ?» አለ በሹክሹክታ።

«ከቀትር ጀምሮ።»

«እናውጣው። አይተኜ፣ ና ያዝ። በቀስታ... እንዳናስጨንቀው።»

ሦስታችን ሳብን። ከባድ ነበር። የሰው ክብደት ነበረው። ብረቱ ላይ የሚጎተት ነገር ሰማን፤ ሽርርር... ይቆማል... ሽርርር... ክፍልፋዩን ሲያልፍ አንዴ ተሰናከለ። ልክ አንድ ሰው እግሩን አንሥቶ እንደሚሻገር ቆየና እንደገና መጣ።

«በርታ ወንድሜ፣ ደርሰሃል!» ብሎ አይተኜ ወደ ጨለማው ጮኸ። ፍርሃቱን ረስቶ ነበር።

መግቢያው ከንፈር ላይ ሲደርስ ክብደቱ ድንገት ጠፋ። ሦስታችንም በቂጣችን ወደቅን።

የወጣው ጭምብሉ ነው።

ጭምብሉ ብቻ።

የአንገቱ ማሰሪያ ተቆልፏል፤ ሰው እንዳጠለቀው ሁሉ እስከ መጨረሻው ጠብቋል። መስታወቱ ጉም ለብሷል። ፎርማኑ በእጅጌው ጠረገው። አልተጠረገም።

ጉሙ ከውስጥ ነበር።

እያየነው ሳሳ። ከዚያ ወፈረ።

ፎርማኑ ጭምብሉን በሁለት እጁ ታቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁ አንድ ጊዜ ወደ ሞተሩ ማጥፊያ ሄደ፤ መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመልሶም ጭምብሉ ላይ ዐረፈ። አይተኜ ኮፍያውን አወለቀ።

በመጨረሻ ፎርማኑ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ጋሼ... ናፍጣው እስከ መቼ ይቆያል?»

ቱቦውን ሳልለቅ ሄጄ የናፍጣውን መያዣ ክዳን ከፈትኩ። ባትሪዬን አብርቼ ወደ ታች አየሁ፤ ናፍጣው ወለሉን ብቻ ሸፍኗል።

ያየሁትን አልነገርኳቸውም። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁና ከጭምብሉ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ጉሙ ሳሳ... ወፈረ... ሳሳ...